የዓድዋ ዕለት የተቆረጠው ደረሰኝ

ደረሰኞቹ ሦስት ነበሩ። በቡናማ ፖስታ ሆነው ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጡት መጋቢት 2017 አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ዐቢይ ጾም ስለነበረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። በዚያ ሰዓት ሆዴ ባዶ ቢሆንም ዓይኔ ከወትሮው የሰላ ነው፤ የሃያ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ገንዘቡን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። አንዱ 420 ሺህ፣ አንዱ 390 ሺህ፣ አንዱ 430 ሺህ ብር። ቀናቸው ይለያያል፦ የካቲት 6፣ የካቲት 14፣ የካቲት 23። ተራ ቁጥራቸው ግን እንደ መንታ ልጆች ተከታትሎ የወጣ ነው። በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ ከእኛ በቀር አንድ ደንበኛ እንኳ ያልገባበት ሱቅ መሆኑ ነው።

የካቲት 23 ደግሞ የዓድዋ ድል በዓል ነው። በዚያ ላይ ያን ዓመት እሑድ ነበር የዋለው። እሑድ ቀን፣ በዓድዋ በዓል፣ መርካቶ ውስጥ ሱቁን ከፍቶ የ430 ሺህ ብር የቧንቧ ዕቃ የሸጠልን ትጉህ ነጋዴ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ድርጅታችን ዕቃ ሲሸጥ ከገዢው አሥራ አምስት በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰበስባል። እኛም ዕቃ ስንገዛ ለሻጩ አሥራ አምስት በመቶ እንከፍላለን። በየወሩ ከሰበሰብነው ላይ የከፈልነውን ቀንሰን ልዩነቱን ለመንግሥት እናስገባለን። ስለዚህ ያልተገዛ ዕቃ እንደ ተገዛ የሚመሰክር ወረቀት ካለ የሚከፈለው ያንሳል። የሦስቱ ደረሰኞች ድምር 1,240,000 ብር ነበር። አሥራ አምስት በመቶው 186,000 ብር ይሆናል። ከፖስታው ጋር የመጣ ሌላ ቃል አልነበረም። አለቃዬ በበሩ ብቅ ብለው «የየካቲት ላይ ይግባ» ብቻ ብለውኝ ሄዱ።

አለቃዬን እንደ ክፉ ሰው እንዳታዩዋቸው እፈልጋለሁ፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። እርሳቸውም ጿሚ ናቸው። ከቅዳሴ የሚቀሩበት እሑድ የለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም። እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ኩላሊቷን ስትታከም የሆስፒታሉን ወጪ ግማሽ የከፈሉት እርሳቸው ናቸው፤ ከደመወዜም አልቆረጡትም። ያቺን ቡናማ ፖስታ ይዤ ስቀመጥ ከፊቴ የነበረው እንግዲህ ሰይጣን አልነበረም። እናቴ አልጋ አጠገብ ብርቱካን ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ።

ከልጅነቴ ጀምሮ በስብከት ስለ «ዓለም» ብዙ ሰምቻለሁ። ዓለም ጭፈራ ነው፣ ዓለም አለባበስ ነው፣ ዓለም ቦሌ ያለው የሌሊት ቤት ነው። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ለጭፈራ አይሆንም፤ ስለዚህ ከዓለም ያመለጥሁ መስሎኝ ነበር። ቋንቋችን ራሱ ያሞኛል እኮ። «ዓለምሽን ያሳየኝ» ብላ የምትመርቀኝ እናቴ ሠርጌን ማየቷ ነበር፤ በእኛ አፍ ዓለም ማለት ደስታ ነው፣ ድግስ ነው። ስለዚህ «ዓለምን ናቁ» ሲሉኝ ድግስ የሚቀርብኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ ወረቀት ይመጣብኛል ብዬ አላሰብሁም። በዚህ ሁሉ ዘመኔ ስለ ደረሰኝ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ ምኩራብ ነው፤ ጌታ ሻጮቹን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት ወንጌል ይነበባል። ያን ዕለት እንኳ የምንገሥጸው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሻማና ጧፍ የሚሸጡትን ድሆች ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ደንቡ ግዢ የሚመዘገበው የመጋዘን ኃላፊው ዕቃውን መረከቡን ፈርሞ ሲያረጋግጥ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ደንብ የምወድ ሰው ነኝ፤ ሐሰቱን እንኳ በደንቡ ልሠራው ፈለግሁ። የመረከቢያውን ቅጽ ሞልቼ ወደ መጋዘን ወረድሁ።

የመጋዘን ኃላፊያችንን ሁላችንም «ሐጂ» ነው የምንላቸው። ያን ዓመት ረመዳን የገባው የካቲት 22 ስለነበር እርሳቸውም ይጾሙ ነበር። ከዐቢይ ጾም ጋር በመገጣጠሙ የቢሮው የሻይ ብርጭቆ ለሳምንታት ደርቆ ሰንብቷል፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እርሳቸው እስከ ማግሪብ። የእኛ ሕንፃ ቅዱስ ራጉኤልና ታላቁ አንዋር መስጊድ ከሚጎራበቱበት አካባቢ ስለሆነ የአንዱ ደወልና የሌላው አዛን በአንድ መስኮት ይገባሉ።

ሐጂ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ቅጹን አነበቡት። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ቀኑ ላይ ጣታቸውን ሲያሳርፉ አየሁ።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ አልገባም።»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ።»

«ካወቅሽ ለምን ታመጪልኛለሽ?»

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። በእውነት ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ጋር መልሰው ሰጡኝና የውዱ ውኃቸውን ይዘው ወጡ፤ የዙህር ሰዓት ደርሶ ነበር። እኔ በቧንቧና በመገጣጠሚያ ሣጥኖች መካከል ቆሜ ቀረሁ። ያ «ገብቷል» የተባለው ዕቃ ሊቀመጥበት የሚገባው መደርደሪያ ከፊቴ ነበር። አቧራ ብቻ ነበረበት።

ወጥቼ መዘገብሁት። ከዚህ በላይ ላሳምረው አልችልም። የመረከቢያውን ቅጽ ከሰነዱ አወጣሁ፣ ሦስቱን ደረሰኞች አያያዝሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባሁ፣ «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ ላይ ፈረምሁ። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁ። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ሽሮዬን በላሁ። ሁለት ደቂቃውን በትክክል መጠበቄን አስታውሳለሁ። ያን ዕለት ራሴን የታዘብሁት በፊርማው ሳይሆን በዚያች ሁለት ደቂቃ ነው።

የሚቀጥሉትን አራት ቀናት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጠበቃ ስፈልግ አሳለፍሁ። አገኘሁም። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ አምስት ላይ የሶርያው ንዕማን አለ፤ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ የነጻው። ንዕማን ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ነቢዩ ኤልሳዕን አንድ እንግዳ ነገር ይለምነዋል። ጌታዬ ንጉሡ ሊሰግድ ወደ ጣዖቱ ወደ ሬሞን ቤት ሲገባ እጄን ይደገፋል፣ እኔም አብሬው እሰግዳለሁ፣ ስለዚህ ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ይለዋል። ኤልሳዕም አልገሠጸውም። «በደኅና ሂድ» ነው ያለው። እኔም ይህን ሳነብ ተደላደልሁ። እነሆ፣ ጌታው እጁን የሚደገፍበት ሰው! አለቃዬ እጄን ቢደገፉ፣ ሬሞን ቤትም ቢገቡ፣ እኔ ምን ላድርግ? ልቤ ከእግዚአብሔር ጋር ነው።

በነገራችን ላይ ምዕራፉን ያነበብሁት በስልኬ ነው። ይህችም ራሷን የቻለች ፈተና ናት። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ልደግም እከፍታለሁ፤ ከግማሹ ላይ የሆነች ሴት ስለ መጋረጃ የምትለፈልፍበት ቪዲዮ ብቅ ይላል፤ መጋረጃ ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም፣ ግን አየዋለሁ። አሁን የታተመውን ትንሿን መጽሐፍ ገዝቻለሁ። መጽሐፍ መልእክት አይመጣበትም።

ቅዳሜ መጋቢት 20 ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ቀድሰው ወጥተው ደክሟቸዋል፤ ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሹ ነበር። ነገሬን ጀመርሁ፤ ጀምሬም የንዕማንን ታሪክ አስከተልሁ። አሁን ሳስበው ንስሐ መግባቴ ሳይሆን ይግባኝ ማለቴ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ንዕማን ለኤልሳዕ የተናገረው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ከተፈወሰ በኋላ፣ ወደ አገሩ ሳይመለስ።»

«ከመስገዱ በፊት ነው ወይስ ከሰገደ በኋላ?»

«በፊት።»

«አንቺስ መቼ መጣሽ?»

ዝም አልሁ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ያን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?» አሉኝ። አላነበብሁትም፤ ማንበብ የምፈልገው ቦታ ላይ ስደርስ ነበር ያቆምሁት። ከንዕማን በታች ግያዝ አለ፣ የነቢዩ የራሱ ሎሌ። ኤልሳዕ የንዕማንን ስጦታ አልቀበልም ብሎ ከሸኘው በኋላ ግያዝ ሮጦ ይደርስበታል፤ ጌታዬ ልኮኛል፣ እንግዶች መጥተውብን ነው ብሎ ይዋሻል። አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ጠይቆ ሁለት መክሊት ከልብሱ ጋር ይሰጠዋል። ቤት ሲመለስ ኤልሳዕ ከወዴት መጣህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ወዴትም አልሄድሁም ይላል። የንዕማን ለምጽ በግያዝ ላይ ተጣበቀ።

አባ ይህን ሲተርኩልኝ ጣታቸውን አላነሡብኝም። ግን በጣዖት ቤት የሚሰግደው አረማዊ በሰላም ሲሸኝ፣ በነቢዩ ቤት የሚያድረው ሎሌ ለምጽ ለብሶ የወጣበትን ምዕራፍ ጠበቃ አድርጌ መጥቼ ነበር። የገዛ ምስክሬ መሰከረብኝ። ቀኖና ሰጡኝ፤ እርሱ በእኔና በእርሳቸው መካከል ይቅር። ሲለቁኝ ግን «የወሩ ሒሳብ ተዘግቷል?» ብለው ጠየቁኝ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ አለ አልኋቸው። «እንግዲያው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በማግሥቱ ገብር ኄር ነበር፣ የጾሙ ስድስተኛ እሑድ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ ሃያ አምስት ያለው የመክሊቱ ምሳሌ የሚነበብበት ቀን። «በጥቂቱ ታምነሃል» የሚለው ሲነበብ 186,000 ብር ጥቂት ነው ብዙ ነው የሚል ስሌት ውስጥ ገብቼ ነበር፤ የሙያ በሽታ ነው።

ያው እሑድ፣ መጋቢት 21፣ ዒድ አል ፈጥርም ነበር። ሐጂ ከቢሮ ሰዎች ጥቂቶቻችንን ቤታቸው ጠርተውን ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን እንደለበስሁ ሄድሁ። እርሳቸው ከስታዲየሙ ሶላት ተመልሰው ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀበሉን። ቤቱ በሥጋ ሽታ ተሞልቷል። ባለቤታቸው እኔን ለብቻዬ ጥግ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝና ሽሮ በትንሽ የሸክላ ድስት አቀረቡልኝ። «ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ ትናንት ነው የገዛሁት» አሉኝ። ድስቱ በእርግጥ አዲስ ነበር፤ ሥሩ ጥቀርሻ ገና አልያዘውም። ለአንዲት ጿሚ እንግዳ ተብሎ የተገዛ ድስት! እየቆረስሁ ጉሮሮዬ ላይ የቆመው እንጀራው አልነበረም።

ሐጂ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለዚያ ነገር ማንሣት አልፈለግሁም፤ ግን አፌ አመለጠኝ። «ሐጂ፣ እርስዎን ለምን አይጠይቁዎትም?» አልሁ።

«ጠይቀውኝ ነበር» አሉ። «አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። ገና እንደ ተቀጠርሁ ነው። እንቢ ብዬ ቤቴ ገባሁ፤ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ አራት ልጅ ነበረኝ። ጠዋት ያባርሩኛል ብዬ የመጋዘኑን ቁልፍ በመሐረብ ቋጥሬ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ላስረክብ።» ሳቁ። «አልተቀበሉኝም። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የከበደኝ ያቺ አንዲት ሌሊት ናት።»

ሻይ ሊያመጡልኝ ተነሡ፤ እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። ፖስታው የተላከው ወደ እኔ ነው። አለቃዬ ወደ መጋዘን አልላኩትም። የሐጂን መልስ ያውቁታል። የእኔንም ያውቁታል። የሐጂ መልስ የታወቀው በአንድ ቀን ነው፤ የእኔ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የታወቀው። አንድ ቀን የነዳጅ ደረሰኝ ላይ ዝም አልሁ፤ አንድ ቀን የጉዞ አበል ላይ «ግድ የለም» አልሁ፤ አንድ ቀን ደንበኛ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ እንዳልሰማ ወጣሁ። ማንም አስገድዶኝ አያውቅም። የምጠየቅ ሰው ሆኜ ነበር፤ ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ቡና ሳይቀርብ ወደ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ፖስታውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁ። «ጋሼ፣ ምዝገባውን ሰርዤዋለሁ። የየካቲትን ያለ እነዚህ ነው የማሳውቀው። ወደፊትም እንዲህ ያለ ሲመጣ አልመዘግብም፤ አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።» ሌሊቱን ያጠናሁት ከዚህ ይረዝም ነበር፤ ንዕማንም ግያዝም ነበሩበት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ብቻ ነሽ ክርስቲያን?» አሉኝ።

ይህ ቃል ከስድብ ይልቅ ያማል። ከዚያ በእርጋታ ያስረዱኝ ጀመር። መርካቶ ውስጥ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡት ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርጉ፣ እርሳቸው ብቻ በቀና ቢሄዱ ዋጋቸው ከጎረቤቱ በልጦ ደንበኛ እንደሚርቃቸው፣ ደንበኛ ሲርቅ ሃያ ሁለት ሠራተኛ እንደሚበተን፣ ከሃያ ሁለቱም አንዷ እኔ እንደሆንሁ። ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። በእነዚያ ሃያ ሁለት ቤቶች እንጀራ ላይ ቆሜ ንጹሕ ነኝ ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። «አልችልም፣ ጋሼ» ብቻ አልኋቸው። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ወንበሩን ይዤ ነበር የቆምሁት።

186,000 ብሩ ተከፈለ። አልተባረርሁም። ፖስታም ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሶ አልመጣም። ግን በሰኔ ከውጭ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ተቀጠረና የግዢ መዝገቡ ወደ እርሱ ዞረ፤ እኔ ሽያጩንና ደመወዙን ብቻ ይዣለሁ። እዚያ ምን እንደሚገባ አላይም፤ የማላይበት ምክንያት ግን ምን እንደሆነ ይገባኛል። እንግዲህ ሬሞን ቤት ውስጥ ነኝ ወይስ ወጥቻለሁ? አባን ጠይቄአቸው «ገና ነው፣ እዪው» ብለውኛል። ሌላ ቦታ ሥራ እያፈላለግሁ ነው፤ በሁለት ቦታ ስጠየቅ ይህንኑ የማልሠራውን ነገር ከደመወዝ በፊት ተናገርሁ። አንዱ ቦታ አልደወሉልኝም። ሌላው ገና ነው።

ያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። አለቃዬ በየዓመቱ ለዶሮና ለዘይት ብለው ለየሠራተኛው በፖስታ የበዓል ብር ይሰጣሉ። ዓርብ ስቅለት በመሆኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፖስታ ተቀመጠ፤ የእኔ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ወደ እኔ ጠረጴዛ ስታይ ቆየችና ዞር አለች። አልዋሽም፣ ከፋኝ። ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ የዶሮውን ዋጋ እያሰላሁ ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሼ ዓይኔን ሳልከድን፣ እናቴ ከደብረ ማርቆስ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ተባባልን። ዶሮው ጥሩ መሆኑን፣ ጎረቤት ጠላ እንዳመጣላት ነገረችኝና «ያ ደግ ሰው ደወሉልኝ እኮ» አለችኝ።

«ማን?»

«አለቃሽ ናቸዋ። ኩላሊትዎ እንዴት ነው፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። በየበዓሉ አይረሱኝም። አመስግኚልኝ እሺ?»

«አመሰግናቸዋለሁ» አልኋት።

ማክሰኞ ሥራ ስንገባ ሄጄ አመሰገንኋቸው። ቀና ሳይሉ «እናትሽ እኮ ናቸው» አሉኝና የሚያነቡትን ወረቀት ገለጡ።